የፒያኖ አነካክና ቴክኒክ

የፒያኖ ቁልፍ ሲጫኑት 10 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ድምፁ የሚወሰነው ግን ቁልፉ መጨረሻው ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። በፒያኖው ውስጥ ያለው መዶሻ ክሩን ሊመታ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ከቁልፉ ተላቅቆ የቀረውን መንገድ በያዘው ፍጥነት ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ጣት ያንን ድምፅ ሊያጎላው አይችልም። ቁልፉ ከወረደ በኋላም አጥብቆ መጫን ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው፦ ክንድ ይደርቃል፣ ቀጣዩ ኖታ ይዘገያል። ቁልፉን ባለበት ለማቆየት ቀላል ክብደት ይበቃል።

አቀማመጥ ቀላል ነው፤ በወንበሩ የፊት ግማሽ ላይ ተቀምጦ ክርንን ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ማድረግ። ወንበሩ ዝቅ ካለ ትከሻ ይነሳል።

ዋናው ልምምድ የክንድን ክብደት መልቀቅ ነው። በመሀል ጣት አንድ ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ በሌላ እጅዎ ክንድዎን ከእጅ አንጓው ሥር ቀስ አድርገው ያንሱ። እሺ ብሎ ከተነሳ ዘና ብሏል፤ ካስቸገረ ጡንቻው ገና እንደተወጠረ ነው። የጣቱ ጫፍ አንጓ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ደግሞ ክብደቱ እዚያው ይቀራል እንጂ ቁልፉ ላይ አይደርስም። ሌጋቶ፣ ማለትም ኖታዎችን ሳይቆራርጡ አያይዞ መጫወት፣ ይህን ክብደት ከጣት ወደ ጣት ማሻገር ነው፦ የፊተኛው ጣት ቀድሞ ከተነሳ ዜማው ይቆረጣል፣ ከዘገየ ድምፆቹ ይደበላለቃሉ።

ፖላንዳዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፓን ተማሪዎቹን የሚያስጀምረው በነጮቹ ቁልፎች ብቻ አልነበረም። ጣቶቻቸውን ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕና ሲ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ ሲያርፉ እጅ የተፈጥሮ ቅርፁን ይይዛልና። ብዙዎች ቀላል የሚሉት ዶ ሜጀር፣ ከዶ ተነስቶ በነጮቹ ቁልፎች ብቻ የሚወጣው ስኬል (የኖታዎች መሰላል)፣ በእርግጥም ለእጅ ከከባዶቹ አንዱ ነው። በቀኝ እጅ ሲወጡ አውራ ጣት ፋ ላይ ጓ ይላል፤ ምክንያቱ ዘግይቶ መግባቱና ክርን አብሮ መወርወሩ ነው። ሌባ ጣት ሬን ሲነካ አውራ ጣት ከመዳፍ ሥር ጉዞውን ይጀምር፣ ክንድም ወደ ጎን ይከተለው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው፣ በአንድ ምት አንድ ኖታ፣ በጣም አለስልሰው ይጫወቱ፤ ያልተስተካከለ ጣት የሚታወቀው በለስላሳው ነው፤ ፍጥነት ያነሰው ቁልፍ ጭራሽ ዝም ይላል።

ዝም ሲል ግን ሁልጊዜ ጥፋቱ የጣት አይደለም። አንድን ኖታ በፍጥነት ሲደጋግሙ የቆመ ፒያኖ (ክሮቹ ሽቅብ የተዘረጉበት) ቁልፉ ከሞላ ጎደል ወደ ላይ ካልተመለሰ ዳግም አይመታም። ግራንድ ፒያኖ (ክሮቹ አግድም የተዘረጉበት) ግን፣ የፒያኖ ሠሪው ሰባስትያን ኤራር በፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1821 የፈጠራ መብት በተሰጠው አሠራር ምክንያት፣ ቁልፉ በግማሽ ተነስቶም ይደግማል።