«ደም አብዛበት»

ሰሞኑንም ያው ስልክ ተደወለ። «ስለ መንገድ ደህንነት የሁለት ደቂቃ ፊልም ሥሩልን። ግን ደም አብዛበት፤ ሰው ካልደነገጠ አይማርም።» እኛ አራት ሰው፣ አንድ ካሜራና አንድ አሮጌ ቪትዝ ነን። ይህችን አባባል ግን ለመስማት በቂ ጆሮ ነበረን፤ አሁን ሰለቸን።

ሌሎቹን ትንንሽ አባባሎች ላስቀድም።

«እውነት መኪና ታጋጫላችሁ?» በምን ቪትዝ! ተዋናዩ የመኪናው አፍንጫ ሥር ይቆማል፣ መኪናው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ኤዲት ላይ እንገለብጠዋለን። የቀረውን የፍሬን ድምፅ ይጨርሰዋል።

«ለበጎ ሥራ ስለሆነ በነፃ ሥሩልን።» ነዳጅ ማደያው በዚህ አይስማማም።

«ጥፋቱ የእግረኛ ነው፣ እነሱን አስተምሩ።» አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው እውነት ነው። ብዙ መሞት ግን ጥፋተኛ አያሰኝም። ዜብራ ላይ ካሜራ ተክለን የቆምን ቀን፣ ለእግረኛ የሚቆም መኪና ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

ወደ ደሙ ልመለስ። እኛም አብዝተን እናውቃለን። ቀይ የምግብ ቀለም በማር በጥብጠን፣ ዝንብ ስናባርር ውለን ቀረጽን። ከዚያ ለሚኒባስ ሾፌሮች አሳየን። ግማሹ ፊቱን አዞረ። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ሾፌር «ይሄ ልጅ መጀመሪያም መንዳት አይችልም» አለ። ሁሉም ሳቀ። ያ ሁሉ ማር የፈሰሰው ለሌላ ሰው ኖሯል።

ደም ሲበዛ ተመልካች ሁለት ማምለጫ ያገኛል፤ ዓይኑን መጨፈን፣ ወይም «እኔ እንደሱ አይደለሁም» ማለት። ሾፌር ሁሉ ከሌላው የተሻለ የሚነዳ ይመስለዋል። እኔንም ይመስለኛል። ፍርሃት የሚሠራው፣ ሰውየው ወዲያው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አብሮ ሲነገረው ነው። «ተጠንቀቅ» አይቆጠርም። እግሩ ምን ያድርግ?

ከቴሌግራም የወረደ የእውነት አደጋ አስገቡበት የሚሉንማ አሉ። የሟች እናት ቴሌቪዥን የላትም?

ሁለተኛውን ፊልም የሠራነው ገና ለመኪና ባልተከፈተ አስፋልት ላይ ነው፤ በግማሽ ጆንያ ኖራ። በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ደግሞ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ሾፌሩ ከሚያይበት ቦታ 14ኛው ሜትር ላይ በኖራ አሰመርንና የልጅ ጫማ አስቀመጥን። ደረቅ አስፋልት ላይ በ30 የመጣው ጫማው ጋ ሳይደርስ ለጥቂት ይቆማል። በ50 የመጣው ጫማው ጋ ሲደርስ ሾፌሩ ፍሬን መርገጥ ገና መጀመሩ ነው። ፊልሙ ይኸው ነው፤ 40 ሰከንድ።

ስለዚህ ፊልም የምታሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ቀበቶም፣ ስልክም፣ መጠጥም፣ ፍጥነትም በሁለት ደቂቃ አይገባም። መክፈቻው ላይ የኃላፊው ንግግር ይቅር። ሎጎው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ትንሽ ሆኖ። ስታሳዩም አዳራሽ አትከራዩ፤ ሾፌሩ ተራ ሲጠብቅ በስልክ አሳዩት።

እኛም እንደዚያ አደረግን። ያው ጎልማሳ ሾፌር ሁለቴ አየው። አልሳቀም። «ልጄ፣ በ40ስ?» አለኝ። በ40 አልቀረጽንም ነበር። እሑድ ኖራ ገዝተን ተመለስን።