ኮከብ ተጫዋች የነበረ ሁሉ ጥሩ ኮች አይሆንም

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሁለት ሀበሻ ጨዋታ እያየ ከተቀመጠ ስለ ኮች ፕራይም ሳይጨቃጨቅ አይነሳም። ዲዮን ሳንደርስን ማለቴ ነው። በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል ታሪክ ከታዩት ምርጥ ኮርነርባኮች (የተቃራኒን ኳስ ተቀባይ የሚያቆሙ ተከላካዮች) አንዱ ነበር፤ አሁን ቦልደር ላይ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ያሰለጥናል። (የማወራው ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው፣ የአርሰናል ደጋፊዎች ለዛሬ ታገሱኝ። ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው።) እኔ የሃይስኩል ረዳት አሰልጣኝ ስለሆንኩ ክርክሩ ሥራ ቦታም ቤትም አይለቀኝም። ሰለቸኝ። የምሰማውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ከሜዳ ወርዶ በቀጥታ ኮሌጅ ተሰጠው።» አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ2005 ሲዝን ነው። ቴክሳስ ውስጥ የሃይስኩል ልጆች ሲያሰለጥን ቆይቶ 2020 ላይ ጃክሰን ስቴት የሚባል ኮሌጅ በዋና አሰልጣኝነት ገባ፤ እዚያ በሦስት ሲዝን 27 አሸንፎ 6 ተሸነፈ።

«ዲግሪ እንኳ የለውም።» አለው። 2020 ላይ ከታላዴጋ ኮሌጅ ተመርቋል።

«ለጡረታ ጊዜ ማሳለፊያ ነው።» 2025 ላይ የፈረመው ውል የ5 ዓመት፣ 54 ሚሊዮን ዶላር ነው። እንዲህ ያለ ጡረታ ለኔም ይድረሰኝ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «እሱ ራሱ ተጫውቶ ያለፈ ስለሆነ ልጆቹን እንደሱ ያደርጋቸዋል።» እስቲ 2023 ኦክቶበር ላይ አንድ ዓርብ ማታ የሆነውን አስታውሱ። ኮሎራዶ በሜዳው ስታንፎርድን 29 ለ 0 እየመራ ለእረፍት ወጣ። ከዚያ ኤሊክ አዮማኖር የሚባል የስታንፎርድ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ተነሳና ብቻውን 294 ያርድ ሰበሰበ፣ ሦስት ታችዳውን (እንደ ጎል በሉት) አስቆጠረ። አንዱን የያዘው ትራቪስ ሃንተር ላይ እጁን አሳልፎ ነው፤ ያውም ሃንተር የኮሎራዶ ምርጥ ኮርነርባክ። ጨዋታው በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት 46 ለ 43 በስታንፎርድ አሸናፊነት አለቀ። ሪሲቨር ማቆም በዓለም ላይ ማን ያውቃል ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው ሰውዬ ሜዳው ዳር ቆሞ ነበር። ምን ያድርግ? ገብቶ አይጫወትለት!

የኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሥራ ሰው መምረጥ ነው። ልጅ ያመጣል፣ ረዳቶች ይቀጥራል፣ ቦስተሮችን (ለቡድኑ ገንዘብ የሚሰጡ ደጋፊዎችን) ያባብላል፣ በሲዝን ውስጥ ልጆቹን በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ማሰራት ስለማይፈቀድ ያቺን ሰዓት ያብቃቃል። የሳንደርስ ዝና የሚጠቅመው ልጅ ማምጣቱ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይስተካከለውም። ሃንተርን 2021 ላይ ከፍሎሪዳ ስቴት እጅ መንጭቆ ነው ጃክሰን ስቴት ያስገባው፣ ያውም ሳንደርስ ራሱ ከተጫወተበት ኮሌጅ! ግን በዚያው በ2023 ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) የሆነው ልጁ ሸዱር ከ50 ጊዜ በላይ መሬት ላይ ሲደፋ ዝናው አልከለለውም፤ ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት ልጆች ደካማ ነበሩ። ቡድኑ በ4 ድል ጨረሰ። በ2024 ሮበርት ሊቪንግስተን ከሲንሲናቲ ቤንግልስ መጥቶ መከላከሉን ያዘ፣ ሃንተርም ሀይስማንን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ፤ 9 ድል። ሃንተርና ሸዱር ወደ ኤንኤፍኤል ሄዱ፤ በ2025 ድሉ 3 ብቻ። ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው።

ሌሎቹንም እዩ። ሱፐር ቦውል (የኤንኤፍኤልን ዋንጫ) ያነሳው ኳርተርባክ ትሬንት ዲልፈር ዩኤቢ በሚባል ኮሌጅ 9 አሸንፎ 21 ተሸንፎ ተባረረ። የኤንኤፍኤል ኮከብ የነበረው ማይክል ቪክ በኖርፎክ ስቴት የመጀመሪያ ሲዝኑ ያገኘው አንድ ድል ነው። «ጂም ሃርቦስ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ 14 ሲዝን በኤንኤፍኤል ተጫውቶ ሚቺጋንን ሻምፒዮን አድርጓል፤ ግን በዋና አሰልጣኝነት የጀመረው ስኮላርሺፕ በማይሰጥ ትንሽ ቡድን፣ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሳንዲያጎ ነው። የአላባማ አሰልጣኝ የነበረው ኒክ ሴባን ደግሞ በኤንኤፍኤል አንድ ቀን ሳይጫወት 7 የኮሌጅ ዋንጫ በላ።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው በአንድ አባት የተነሳ ነው። ልጁ ጎበዝ ሪሲቨር ነበር፤ ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ መጣለት። «ኮች፣ ይሄ ሰውዬ ግን የት ተጫውቷል?» አለኝ። የትም አልኩት። «ታዲያ ምን ሊያስተምረው ነው?» ብሎ ልጁን ስመ ጥር የቀድሞ ተጫዋች ወዳለበት ሌላ ኮሌጅ ላከው። ስመ ጥሩ ዓመት ሳይሞላው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ልጁ ትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት) ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ኮች ሳሎናችሁ መጥቶ ቡና ሲጠጣ የሻምፒዮንነት ቀለበቱን ማየት ትታችሁ ጠይቁት። ስኮላርሺፑ ለስንት ዓመት ነው? ልጄ ቢጎዳ ማን ያሳክማል? አንተ ብትሄድስ? ይሄ ቦታ ላይ ከልጄ በፊት ስንት ልጅ አለ፣ ከፖርታልስ ስንት ልታመጣ አስበሃል? ከተቻለ ደግሞ በጨዋታ ቀን ሳይሆን በልምምድ ቀን ሄዳችሁ እዩ። ዋናው አሰልጣኝ ከካሜራ ጋር ሲያወራ ሪሲቨሮቹን ጥግ ላይ ይዞ እግራቸውን የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ስሙንም ስልኩንም ከሱ ተቀበሉ።