ኤልደን ሪንግ፦ ብርታቱና ድክመቱ

ኤልደን ሪንግ የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር የሠራው የቪዲዮ ጌም ነው። ከባንዳይ ናምኮ ጋር ሆኖ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ነው። በፕሌይስቴሽን፣ በኤክስቦክስና በኮምፒውተር ይጫወቱታል። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ ሲሆን፣ የዚያን ምናባዊ ዓለም የጥንት ታሪክ የጻፈው አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው 12 ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ጌም አዋርድስ በሚባለው የጌሞች ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ።

ፍሮምሶፍትዌር ከቀድሞ ጌሞቹ ከነዳርክ ሶልስ ጊዜ ጀምሮ የታወቀው ተጫዋቹን በማሰቃየት ነው። ኤልደን ሪንግም አይምርም። ማቅለያ አማራጭ የለውም። ጌሙን ባለበት የሚያቆም የፖዝ ቁልፍ ስለሌለው ስልክ ተደወለ፣ እንግዳ መጣ ብሎ በቀላሉ ማቆም አይቻልም። የሞተ ሰው የሰበሰበው ሩን በሙሉ የሞተበት ቦታ ይቀራል። ሩን ገንዘብም ነው፣ ሌቭል (የተጫዋቹ የአቅም ደረጃ) የሚጨመረውም በእሱ ነው። ተመልሶ ሳያነሳው ዳግም ከሞተ በቃ፣ ሙልጭ ብሎ ቀረ።

ልዩነቱ ሜዳው ክፍት መሆኑ ላይ ነው። ገና ሲጀመር ሊምግሬቭ በሚባለው አረንጓዴ አገር ላይ ወርቃማ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ወዲያ ወዲህ ይላል። አዲስ ገቢው ዘሎ ይገጥመውና አፈር ድሜ ይግጣል። ግን ማንም ግጠመው አላለውም። ዞሮ ማለፍ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ መጠንከር፣ ፈረስ አግኝቶ መመለስ ይችላል። የስቶርምቪል ግንብን መግቢያ የሚጠብቀው ማርጊት እንኳ የግድ አይደለም። በግንቡ ጎን ባለች የገደል መንገድ ሾልኮ ወደ ቀጣዩ አገር መግባት ይቻላል። አጋዥ መንፈስ መጥራት አለ፣ በኢንተርኔት ሌላ ተጫዋች መጥራትም አለ። በእኔ እምነት ትልቁ ብርታቱ ይሄ ነው፤ ክብደቱን የሚወስነው ተጫዋቹ የሚመርጠው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ብርታቱ ድንገቴው ነው። ሊምግሬቭ ጫካ ውስጥ ያለች አንዲት ክብ የድንጋይ ቤት ምንም የያዘች አትመስልም። ውስጧ ሊፍት አለ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሁንም ይወርዳል። ታች ሲደርስ ከመሬት ሥር ወንዝ፣ ከወንዙም በላይ በከዋክብት የተሞላ ሰማይ ይታያል። እዚያው ሊምግሬቭ፣ ሐይቅ አጠገብ ያለው ፍርስራሽ ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለውን ሣጥን የከፈተ ሰው ጢስ ይውጠውና ኬይሊድ የሚባለው የበሰበሰ ቀይ ምድር፣ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ይጥለዋል። ከዋሻው ካልወጣ በካርታው ዘሎ መመለስ አይችልም። ስንቱ ጀማሪ እዚያ ጌሙን ተራግሟል!

ድክመቱም ከዚሁ ስፋት ይመጣል። ያን ሁሉ መሬት በአዲስ ነገር መሙላት ስላልተቻለ ያው ነገር ይደጋገማል። የመቃብር ዋሻዎቹ አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ ያው የበር መክፈቻ ማንሻ፣ አንዳንዴም ያው ቦስ (መጨረሻ ላይ የሚጠብቅ ኃይለኛ ጠላት) ናቸው። በአንድ ትልቅ ግንብ ጌታ ሆኖ የቀረበው ጎድሪክ እንኳ በሌላ ስም ትንሽ እስር ቤት ውስጥ ዳግም ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያስደነገጠ ጭራቅ አራተኛ ጊዜ ሲመጣ ያሰለቻል።

ወደ መጨረሻው ደግሞ ሚዛኑ ይናጋል። የግዙፎቹ ተራራ ላይ የጠላቶቹ ምት በአንዴ ይከብዳል፣ መሬቱም ባዶ ባዶ ይላል። ማሌኒያ የምትባለው ቦስ በመታች ቁጥር ቁስሏ ይድናል፤ በጋሻ ቢመክቷትም ያው ነው። እሷን አልችል ያሉትን ለመርዳት ራሱ ላይ ማሰሮ ደፍቶ፣ ጥሩር ሳይለብስ እየገባ ብቻውን የሚገድልላቸው አንድ ተጫዋች በዓለም ዝነኛ ሆኖ ነበር። ባንዳይ ናምኮ እውነተኛ ሰይፍ ሸልሞታል።

ታሪኩን መከተልም ፈተና ነው። ማን ምን እንዳለ፣ ቀጥሎ የት እንደሚገኝ የሚመዘግብ ማስታወሻ የለም። የባለታሪኮቹን ቦታ በካርታው ላይ የሚያሳይ ምልክት የተጨመረው ጌሙ ከወጣ በኋላ፣ በማርች 2022 ነው። በኮምፒውተር ደግሞ ሲወጣ ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ በሴኮንድ ከ60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በላይም አይሄድም።

በጁን 21 ቀን 2024 የወጣው ሻዶው ኦቭ ዘ ኤርድትሪ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ይህንኑ ጠባይ አጋነነው። ለመግባት ራዳንና ሞግ የሚባሉትን ሁለት ቦሶች መግደል ያስፈልጋል። ውስጡ የቀድሞው ሌቭል ብቻውን አያድንም፤ በየቦታው የተደበቁ፣ ኃይል የሚጨምሩ የዛፍ ስባሪዎችን ፈልጎ መሰብሰብ ግድ ነው። ሳይሰበስቡ ቦስ ላይ የሮጡት እጅግ ከበደን ብለው ጮኹ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስባሪዎች የሚሰጡትን ኃይል ጨመረ። ፍለጋውን ግን አላስቀረላቸውም።