ወታደራዊ ዲሲፕሊን ምንድን ነው?

"ልጁ አስቸግሮኛል። ካዴት ይግባና ዲሲፕሊን ያስይዙልኝ።" ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ከተቀመጥኩ ወዲህ ይህን ያላለኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ለቅሶ ቤት ይሉኛል፤ ሰንበቴ ላይ ይሉኛል፤ መናኸሪያ ቆሜም ይሉኛል። ዕጩ መኮንኖችን፣ ካዴት የሚሏቸውን፣ ሳሠለጥን እንደኖርኩ የሰማ ሁሉ ልጁን ሊያስረክበኝ ይፈልጋል። እስካሁን ሳቅ ብዬ አልፍ ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ቀርበው "ዲሲፕሊን እኮ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ዱላ ነው" አሉ። አቅራቢውም "ልክ ነው" ብሎ ወደ ዘፈን ገባ። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

አመዘጋገቡን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የሕክምና ምርመራውን እዘለዋለሁ። የምልመላ ማስታወቂያው ላይ አለ። አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። እኛ ጎጃም ውስጥ ወታደር ማሠልጠኛ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ብር ሸለቆ ነው። ብር ሸለቆ የሚታወቀው በመሠረታዊ ውትድርና ነው። የዕጩ መኮንን ትምህርት ሌላ ነው። ምልምል ወታደር ትእዛዝ መፈጸምን ይማራል። ዕጩ መኮንን ያንኑ ከተማረ በኋላ ትእዛዝ መስጠትን ይማራል። ሁለተኛው ይከብዳል።

እንግዲህ ዲሲፕሊን ምንድን ነው? ደክሞህም ቢሆን፣ ማንም ባያይህም፣ መደረግ ያለበትን ነገር በሰዓቱና በሥርዓቱ የማድረግ ልማድ ነው። ቅጣት የሚመጣው ይህ ልማድ ሲጓደል ነው። የሬዲዮው አስተያየት ሰጪ የጉድለቱን ማካካሻ አንስተው ነገሩ ራሱ ነው አሉን።

ወይፈን ሲገራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የገጠር ልጅ ያውቀዋል። ያልተገራ ወይፈን ቀንበር ሲያይ ይደነብራል፣ ይተኛል፣ ሞፈር ይሰብራል። ጅራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይገርፈዋል። ወይፈኑም ሁለት ነገር ይማራል፤ ሰውየውን መፍራት፣ ሰውየው ዞር ሲል ደግሞ መቆም። ብልህ ገበሬ ግን ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ይጠምደዋል። መጀመሪያ ቀንበሩን ብቻ አሸክሞ ትንሽ ያዘዋውረዋል። ያልተገመሰ መሬት ላይ አይጀምረውም። ደጋግሞ የታረሰ ለስላሳ ማሳ ፈልጎ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጥቂት ትልም አስኪዶ ይፈታዋል። በማግስቱም እንደዚያው። ጅራፍ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው አየር ላይ ነው።

የዕጩ መኮንን የመጀመሪያ ወራትም እንዲሁ ናቸው። ቀንበሩ የሰዓት ሰሌዳው ነው። የለመደው በሬ ካንተ ቀድሞ የገባው ዕጩ መኮንን ነው። ለስላሳው ማሳ ደግሞ ሰው የሚስቅበት ነገር ነው፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ጫማ መጥረግ፣ ቁልፍ መስፋት። ጠንካራው መሬት፣ ማለትም ካርታ ይዞ ሰው በሌሊት መምራት፣ ኋላ ይመጣል።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ወይፈን ዕድሜ ልኩን ቀንበር ሥር ነው። ዕጩ መኮንን ግን ሲመረቅ እርፉን የሚጨብጠው እሱ ነው። ለዚህ ነው በዱላ ብቻ የሠለጠነ መኮንን የሚያስፈራኝ። እርፍ ሲሰጡት የሚያውቀው ጅራፉን ነዋ! ሐረር የነበረው የጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. በሕንድ መኮንኖች ሥልጠና ሲጀምር ትምህርቱ 3 ዓመት ይፈጅ ነበር። ዱላ ለማስተማር 3 ዓመት አያስፈልግም።

እኒህ ሰው በሬዲዮ "አልጋ ማንጠፍ ጦርነት ያሸንፋል ወይ?" ብለውም ቀልደዋል። አያሸንፍም። እንግሊዞች ሞኝ ሆነው ነው እንበል፤ የጦር አካዳሚያቸው ሳንድኸርስት የሚገቡ ዕጩ መኮንኖች የመጀመሪያው ቀን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛቸውን በብብታቸው ይዘው ነው በሩን የሚያልፉት። ሥልጠናው 44 ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ሳምንታት በመተኮስ፣ በመጥረግና በመሰለፍ ያልቃሉ ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። እነሱ መተኮሻ ጠረጴዛ የሚያሸክሙት ለውበት አይደለም።

አንድ ጠዋት ፍተሻ ላይ አንድ ዕጩ መኮንን ፊት ቆምኩ። ጫማው እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። አንሶላው ተወጥሯል። ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው። ከወገቡ ኮዳውን አወጣሁና ነቀነቅኩት። ተንቦጫቦጨ። ግማሹን ጠጥቶ መልሶ አልሞላውም። ለሲቪል ሰው ይህ ምንም አይደለም። እግረኛ ወታደር ግን ያውቀዋል። ሙሉ ኮዳ ድምፅ የለውም፤ ግማሽ ኮዳ ግን ሌሊት በእያንዳንዱ እርምጃ ያወራል። የሚሰማው ደግሞ ጠላት ነው። "ለምን አልሞላህም?" አልኩት። የቧንቧውን ወረፋ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ፊሽካው ቶሎ ተነፋ ሊለኝም ይችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነበሩ። "ምክንያት የለኝም ሻምበል" አለ። ሄዶ ሞላ፣ ተመለሰ፣ ሰልፉ ቀጠለ። አላንበረከክሁትም። ከዚያ ወዲህ ከሰልፍ በፊት የጓደኞቹን ኮዳ እየነቀነቀ የሚዞረው እሱ ሆነ። አንዳንዴም ያናድዳቸው ነበር።

ይቺ መልስ የኛ ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1802 በተመሠረተው የአሜሪካው ዌስት ፖይንት አዲስ ገቢ ካዴት በልማድ የተፈቀዱለት መልሶች አራት ናቸው። "አዎ ጌታዬ"፣ "አይደለም ጌታዬ"፣ "ምክንያት የለኝም ጌታዬ"፣ "አልገባኝም ጌታዬ"። ሰው ሦስተኛዋን ሲሰማ ባርነት ትመስለዋለች። ሰበብ አትደርድር ማለት ናት፤ ሌላ ምንም የላትም። እኔ የምወደው አራተኛዋን ነው። አለመረዳት ተፈቅዷል። ያልገባውን ትእዛዝ ገብቶኛል ብሎ የሚወጣ መኮንን ሰው ያስፈጃል። አበሻ ደግሞ "አልገባኝም" ማለት ያፍራል። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወጥቶ ውጪ ጓደኛውን ይጠይቃል። ይህን አመል ቤት ትታችሁት ግቡ።

ቅጣት የለም ብዬ አልዋሽም። ፑሽአፕ አለ፤ ተጨማሪ ጥበቃ አለ፤ ፈቃድ መከልከል አለ። ግን ቅጣቱ ወሰን አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ ወታደራዊ ወንጀሎች ሲደነግግ አለቃውን የደፈረ ወታደርን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ሥልጣኑን ያላግባብ የተጠቀመ አለቃም ይጠየቅበታል። ዱላው ራሱ ዲሲፕሊን ቢሆን ኖሮ አለቃው በምን ይከሰስ ነበር?

እኒህ ሰው የመጨረሻውን ጥይት የተኮሱት በበላይ ዘለቀ ነው። "በላይ የትኛው አካዳሚ ገባ?" ጎጃሜን በበላይ መግጠም ከባድ ነው፤ አውቀውበታል። እውነት ነው፣ አባ ኮስትር አካዳሚ አልገባም። ሥርዓት አልነበረውም ያለው ግን ማነው? ለተከታዮቹ ማዕረግ እየሰጠ፣ ማን በማን ሥር እንደሆነ እያስታወቀ ነው ጣሊያንን የተዋጋው። በወረራው ዘመን በየበረሃው ጦር ይዞ መቆየት በጀግንነት ብቻ አይሆንም። ስንቅ የሚያካፍል፣ ዘብ የሚያቆም፣ ጥይት የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል።

ከትምህርት ቤት የወጡትንም እንይ ካላችሁ ሆለታ አለ። የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ዕጩ መኮንኖቹ ሥልጠናቸውን በወጉ ሳይጨርሱ ወረራው ደረሰባቸው። ከመካከላቸው ወደ ምዕራብ ሄደው በጥቁር አንበሳ ድርጅት ውስጥ የታገሉ አሉ። ድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ ነበረው። ገበሬውን ማንገላታት ይከለክላል። ምርኮኛን ማሰቃየትና መግደል ይከለክላል። የጦሩ አመራር ከፖለቲካው አመራር በታች ነው ይላል። የድርጅቱ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም ወታደር ሳይሆኑ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። እስቲ አስቡት። አገር ተወርሯል፤ ንጉሡ ከአገር ወጥተዋል፤ ስንቅ የለም። መሣሪያ የያዙ የተራቡ ወጣቶች ግን ገበሬውን እንዳይነኩ ራሳቸውን በደንብ ያስራሉ። ከኋላቸው ጅራፍ የያዘ ሰው አልነበረም። ለሬዲዮው ሰውዬ ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

አሁን ለመግባት ለተዘጋጀው ልጅ። አንተ እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። ሴት ዕጩ መኮንኖችን አሠልጥኛለሁ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኑሮ ለነሱ ይቀላል። ከገጠር የመጣች ልጅ ገና ዶሮ ሳይጮኽ ተነስታ ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ ነው ትምህርት ቤት ስትሄድ የኖረችው። ወንድሟ ግን ካልሲውን አጥቦ አያውቅም።

ፑሽአፕና ሩጫ መለማመድ እንዳለብህ ሁሉም ይነግርሃል። ጥሩ ነው፤ ሥራው። አዲስ ገቢውን የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ፑሽአፕ አይደለም። እንቅልፍ ነው። ከወዲሁ ማታ በ3 ሰዓት ተኛ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሳ። እናትህ ሳትቀሰቅስህ። ስልኩን ከአልጋህ አርቀው፤ እዚያ ሌሊቱን አብሮህ አያድርም። ልብስህን ራስህ እጠብ። ክርና መርፌ መያዝ ተማር። ዕቃህን ሁሌ አንድ ቦታ አስቀምጥ፤ መብራት ጠፍቶ በዳበሳ እስክታገኘው ድረስ። ቀጠሮ ካለህ ቀድመህ ድረስ። "ያበሻ ቀጠሮ" እየተባለ የሚሳቅበት ነገር እዚያ አያስቅም። ይህን ሁሉ ቤትህ ሆነህ፣ ማንም ሳያዝህ ማድረግ ካልቻልክ፣ ፊሽካ ይረዳኛል ብለህ አትቁጠር። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይነሳል። ጥያቄው ያልተነፋ ቀን ነው።

ስለ እግር ሳልጽፍ ብጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም። የኛ አገር ልጅ ብዙ ይሄዳል። የሚሄደው ግን በኮንጎ ወይም በክፍት ጫማ ነው። እግሩ ጠንካራ ነው፤ ተረከዙ ግን ቦት አያውቅም። ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ባሉት ሳምንታት ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጠንከር ያለ ጫማ ፈልገህ በየቀኑ ተጫማና ተራመድ። መጀመሪያ አጭር መንገድ፣ ከዚያ ረዘም ያለ። ጥፍርህን ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ ጎን ጎኑን አትከርክም። እርጥብ ካልሲ አትልበስ። እግርህ ውሃ ከቋጠረ ቆዳውን አትላጠው፤ ከሥሩ ያለውን ቁስል የሚጠብቀው እሱ ነው።

ከጮቄ ሥር ለሚመጣ ልጅ ሌላም ነገር አለ። ቆላ ወርዶ የሚሠለጥን ከሆነ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ራስ ምታትና ማዞር ሲመጣ ችሎ መሮጥ ጀግንነት ይመስላል። አይደለም። በሙቀት የሚሞቱት ብዙ ጊዜ እነዚህ ቻይ የሚባሉት ናቸው። አሠልጣኝ ሆነህ ይህን ካነበብክም፣ ቢያልበውም ባያልበውም የሚቀባዥረውን ልጅ "አስመሳይ" ከማለትህ በፊት ጥላ ሥር አስገባው፤ ውሃ እያፈሰስክ አቀዝቅዘው፤ ሐኪም ጥራ።

የቅልጥም ሕመምም እንዲሁ ነው። ሩጫ በድንገት ሲበዛ አጥንት ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። ጡንቻ ከሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ያምሃል፤ ሲሟሟቅም ይሻላል። አንድ ነጥብ ላይ በጣትህ ስትጫነው የሚወጋህ፣ በሮጥክ ቁጥር የሚብስ፣ ሌሊትም የሚቀሰቅስህ ከሆነ ግን አትደብቀው። ሩጫውን አቁም። ለአሥር አለቃህ ተናገርና ክሊኒክ ሂድ።