የጓሮ አትክልትና እንቁላል ጣይ ዶሮ፦ ከዝናብ እስከ ደረቅ ወራት

የጓሮ አትክልትና ዶሮ አብረው የሚያዙት የአንዱ ትርፍ ለሌላው ሲሳይ ስለሆነ ነው። የዶሮ ኩስ ከከብት ፍግ ይልቅ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የዳበረ ነው፤ አትክልቱም በበኩሉ አረሙን፣ የተበሳሳ ቅጠሉንና ትሉን ለዶሮ ይሰጣል። ያለ ጊዜያቸው ሲገናኙ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ። አንዲት ዶሮ ትናንት በተተከለ የሰላጣ መደብ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየች የተረፈውን ችግኝ በጣት መቁጠር ይቻላል። ትኩስ ኩስ ሥሩ ሥር የተደፋበት ጎመንም ከቅጠሉ ጫፍ ጀምሮ ይቃጠላል። የዚህ ሥራ ዋናው ብልሃት እንግዲህ ዶሮዎቹ መቼ መደቡ ላይ እንደሚለቀቁና መቼ እንደሚታገዱ ማወቅ ነው። ይህን የሚወስነው ወቅቱ ነው።

ቦታውና ልኩ

አብዛኛው አትክልት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ የሚበዛበት ጥግ ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለመሳሰለው ቅጠላ ቅጠል ይሆናል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን እዚያ ቁመት ብቻ እየጨመሩ ፍሬ ይነፍጋሉ። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ሜትር ይበቃል። ልኩ የሰው ክንድ ነው፦ ከሁለቱም ወገን ሆኖ መሐሉ ላይ መድረስ ከተቻለ መደቡን መርገጥ አያስፈልግም፤ ያልተረገጠ አፈር ውኃና አየር ያስገባል። በመደቦቹ መካከል 40 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ይተዋል፤ ጋሪ የሚገፋ ከሆነ 60።

ለአንድ ቤተሰብ ከ4 እስከ 6 ዶሮ በቂ ነው። አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግም፣ ጫጩት ማስፈልፈል ካልተፈለገ በስተቀር። ቤቱ ለእያንዳንዷ 0.4 ካሬ ሜትር ያህል ይድረሳት፤ ውጭ ያለው መፈንጫ ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር፣ ቦታ ካለ ከዚያም በላይ። ሲጠብባቸው መጀመሪያ የሚታየው ላባ መነቃቀል ነው። ደም ከታየ ሌሎቹም ስለሚረባረቡ የቆሰለችው እስክትድን ተለይታ መቆየት አለባት። ቆጡ ላይ ለአንዲት ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይመደባል፤ እንጨቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ኖሮት ጠርዙ የተላገ ይሁን። እንቁላል የምትጥልበት ሳጥን በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር ሆኖ ለ4 ዶሮ አንድ ይበቃል። ቆጡ ከሳጥኑ ከፍ ማለት አለበት። ዶሮ ከፍ ያለውን መርጣ ስለምታድር፣ ሳጥኑ ከበለጠ እዚያው አድራ ትኮሳለች፣ ጠዋት የሚነሳውም እንቁላል የተጨማለቀ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽቦው ላይ ነው። ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ ሸለመጥማጥ እንዳይገባ አያግድም፤ ውሻም በጥርሱ ይዘለዝለዋል። ከታች በኩል ቀዳዳው ከ13 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ የተበየደ ሽቦ ያስፈልጋል። ጫፉ 30 ሳንቲሜትር ወደ መሬት ይቀበራል፣ ወይም ወደ ውጭ ታጥፎ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር መቆፈር ሲጀምር ሽቦው ላይ ያርፋል።

ዝናብ ሲቃረብና ሲዘንብ

ለዝናቡ ወራት የሚሆን ችግኝ ቀደም ብሎ ይፈላል፦ ጎመንና ጥቅል ጎመን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ሽንኩርትም ወደ 8 ሳምንት ገደማ መደብ ላይ ይቆያሉ። ዘር የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የሰላጣ ዘር ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ ብርሃን ስለሚረዳው ላዩ ላይ ተበትኖ በስሱ ይሸፈናል፤ አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍም ዘሩ ይተኛል። ካሮት እንደ ችግኝ አይነቀልም፤ የተነቀለ እንደሆነ ሥሩ መንታ መንታ እየሆነ ይወጣል። እዚያው በ1 ሳንቲሜትር ጥልቀት ተዘርቶ ሲበቅል ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ተራርቆ ይሳሳል። ለመብቀል ከ10 እስከ 20 ቀን ስለሚፈጅ በእነዚያ ቀናት የአፈሩ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ መድረቅ የለበትም፤ «ዘሩ መጥፎ ነው» ከሚባልባቸው ጊዜዎች ብዙዎቹ የአንድ ቀን ድርቀት ናቸው።

ውኃ በሚበዛበት ወቅት መደቡ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ቲማቲም ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር ተራርቆ ተተክሎ በእንጨት ይደገፋል፤ ከመሬት እስከ 30 ሳንቲሜትር ያለው ቅጠልም ይመለመላል፣ ምክንያቱም የዝናብ ጠብታ አፈር ሲረጭ በሽታውንም አብሮ ያዛምታል። ቲማቲምና ድንች በዚህ ወቅት የሚጎዳቸው ዋግ ነው። ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ገደማ፣ ጠቆር ያለ ውኃ ያዘለ ቁስል ቅጠሉ ላይ ይወጣል፤ በጠዋት ቅጠሉን ገልብጦ ያየ በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ያገኛል። ከዚህ በኋላ መደቡ በሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የታመመው ተነቅሎ ከጓሮው ይወጣል እንጂ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣልም። ቅጠል እርጥብ እያለ መኮትኮትና መልቀም በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ ማድረስ ነው።

ለዶሮ ዝናቡ ራሱ አይደለም ችግሩ፤ የረጠበ ጉዝጓዝ ነው። ኩስ ሲርስ አሞኒያ ይለቃል፤ ቁጢጥ ብሎ በዶሮዋ ቁመት ሲሸተት አፍንጫን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ዓይኗንና የመተንፈሻ አካሏን መጉዳት ጀምሯል። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ከ10 ሳንቲሜትር ጀምሮ ይነጠፋል፣ በየሳምንቱ ይገለበጣል፣ የተጋገረው ክፍል ይነሳል። አየር መግቢያው ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲሆኑ ከራሳቸው በላይ ይሁን፤ ብርድ ፈርቶ ቤቱን ድፍን ማድረግ እርጥበቱን ውስጥ ይቆልፈዋል። ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታም የሚመጣው ከዚሁ እርጥበት ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉ ጫጩቶች ላባቸውን ነፍተው ክንፋቸውን ጥለው ከቆሙና ደም የቀላቀለ ኩስ ከታየ፣ በውኃ የሚሰጠው አምፕሮሊየም የተባለው መድኃኒት በወቅቱ ከተጀመረ ይረዳል፤ ጉዝጓዙ ካልተቀየረ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ደረቅ ወራት

የተለመደው መነሻ ለ1 ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ውኃ ነው፤ ሙቀትና ነፋስ ሲበረታ ይጨመራል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ከፍሎ በጠዋት በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ውኃው ወደታች ሲሰርግ ሥሩም ይከተለዋል። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ እርጥበት ካገኘ ለዛሬ ማጠጣት አያስፈልግም። ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል፣ ከግንዱ ግን ጥቂት ይራቅ።

አንድ ቀን አፈሩ ደርቆ ሌላ ቀን ሲጥለቀለቅ የቲማቲሙ ፍሬ ታች በኩል ጠቁሮ ይጎደጉዳል። ይህ ተባይ አይደለም፣ መድኃኒት መርጨትም አያድነውም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ውኃ ተሸክሞት ስለሆነ ውኃው ሲቆራረጥ ፍሬው ይራባል። ብዙውን ጊዜ አፈሩ ካልሲየም ሳያጣ ነው የሚደርሰው፤ ማጠጣቱን ማስተካከል ይበቃል።

ዶሮ ላብ የላትም። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከገላዋ ታርቃለች፣ መኖ ትቀንሳለች። ስታለከልክ ከደሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚባክን የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል። በመደበኛ ቀን አንዲት ዶሮ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ትጠጣለች፤ በሙቀት እጥፍ ይሆናል። ውኃ ለጥቂት ሰዓታት ከተቋረጠ እንቁላል በማግሥቱ ይጎድላል፤ ረዘም ካለ ለሳምንታት ይቆማል። ስለዚህ ሁለት መጠጫ በጥላ ሥር ይቀመጣል፣ አንዱ ቢደፋ ሌላው ይኖራል። ለአዋራ መታጠቢያም ደረቅ አሸዋ፣ አፈርና የእንጨት አመድ የተቀላቀለበት ገንዳ ይዘጋጃል። ቅንቅን የሚገኘው ቀን ዶሮዋ ላይ ሳይሆን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ነውና በማታ ባትሪ ይዞ ከቆጡ ሥር መመርመር ያዋጣል፤ ነጭ ጨርቅ ተፈትጎ ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ ቅንቅኑ አለ።

ቀኑ ሲያጥር

ዶሮን እንቁላል የሚያስጥላት ከመኖው ቀጥሎ ብርሃን ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሆነ ልዩነቱ አይሰማም፤ ራቅ ባሉ አገሮች ግን ቀኑ ከ14 ሰዓት ሲያንስ መጣሏ እየቀነሰ ይሄዳል። መብራት የሚጨመር ከሆነ ንጋት ላይ ይጨመር እንጂ ማታ አይሁን፤ ድንገት ሲጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ላይ ይቀራሉ። ዓመት ያለፋቸው ዶሮዎች ላባ የሚቀይሩትም በዚሁ ወቅት ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል፣ እንቁላሉም ያን ጊዜ ይቋረጣል። ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ስለሆነ መኖው በፕሮቲን ከፍ ይላል። ይህን እንደ በሽታ ቆጥሮ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ የተለመደ ስህተት ነው።

መኖና ፈንግል

እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ወደ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 18 በመቶ፣ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ መሆን አለበት። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻውን 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል። የተፈጨ የባሕር ዛጎል ወይም ተጠብሶ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በሌላ ዕቃ ይቀመጥና የፈለገችው ትውሰድ። መጣል ላልጀመሩ ቄቦች ግን ይህ መኖ ይበዛል፤ የበዛው ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የጓሮ ፍርፋሪና ቅጠል ከጠቅላላው መኖ ከአሥር እጅ አንድ እጅ አይለፍ። የሻገተ እህል፣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ የአረንጓዴ ድንች ልጣጭ፣ ጥሬ ባቄላና አደንጓሬ አይሰጥም።

ከዶሮ በሽታ ሁሉ አንድን ቤት በቀናት ውስጥ ባዶ የሚያስቀረው ፈንግል ነው፤ ኒውካስልም ይባላል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማሳል፣ የአንገት መጠምዘዝና ድንገተኛ ሞት ምልክቶቹ ናቸው። ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም፣ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተጠበቀ ውኃ ብቻ ይሆናል፤ በመጠጥ ውኃ የሚሰጠውም ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ አይበጠበጥም። አዲስ የመጣች ዶሮ ደህና ብትመስልም ከነባሮቹ ተለይታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ትቆያለች።

ብስባሽና ርክክብ

ከቤቱ የሚወጣው ጉዝጓዝ ከነኩሱ ለብስባሽ ምርጥ ነው። አንድ እጅ ኩስ ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ ደረቅ ቅጠልና ገለባ ጋር እየተነባበረ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ይከመራል፤ ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም። እርጥበቱ የሚፈተነው ጭብጥ አድርጎ በመጭመቅ ነው፦ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ይገለበጣል፣ ዳር የነበረው ወደ መሐል እንዲገባ። የጋለ ክምር የአረም ዘርንና ብዙ ጀርም ይገድላል። ከሸተተ ደረቅ ነገር ጎድሎታል፤ ካልጋለ ኩስ ወይም ውኃ ጎድሎታል። አልቆ ጥቁርና ፍርፋሪ ሲሆን ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር መደቡ ላይ ይነጠፋል።

ሌላው መንገድ ዶሮዎቹን በቀጥታ መደቡ ላይ መልቀቅ ነው። ምርቱ እንደተሰበሰበ መደቡ በሽቦ ታጥሮ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ይሰጣቸዋል፤ ግንዱን ይቆራርጣሉ፣ የቆራጭ ትልን ሙሽሬና እንቁላል እየጫሩ ያወጣሉ፣ ኩሳቸውንም ይጥላሉ። ጥሬ ኩስ ጀርም ሊይዝ ስለሚችል ግን ዶሮዎቹ ከወጡ ጀምሮ የሚበላው ክፍሉ አፈር የሚነካ አትክልት እስኪለቀም 120 ቀን፣ አፈር የማይነካው ደግሞ 90 ቀን መጠበቅ የተለመደ ደንብ ነው። የወጡበት ቀን መደቡ ዳር በተተከለ እንጨት ላይ ይጻፍ። እንዲህ ባለ መደብ መጀመሪያ የሚተከለው በናይትሮጅን የሚወፍረው ነው፦ በቆሎ፣ ዱባ፣ ጎመን። ካሮት በተከታዩ ዙር ይሁን፤ ትኩስ ፍግ ያገኘ ካሮት ቅጠሉ ለምልሞ ሥሩ ጠጉራምና ቅርንጫፋም ሆኖ ይነቀላል።