የድራገን መጽሔት የድሮ ማስታወቂያዎች፦ ምንድን ናቸው? ለምንስ ይናፈቃሉ?

ድራገን ስለ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታዎች የሚጽፍ የአሜሪካ መጽሔት ነበር። በእነዚህ ጨዋታዎች አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ፤ የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ጥለው ይለያሉ። የዘርፉን በር የከፈተው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር. በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ የተባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር፤ ድራገንን የጀመረውም እዚያው በ1976 ነው። የወረቀት ኅትመቱ በ2007 በቁጥር 359 አበቃ።

አሮጌ እትም እጃቸው ሲገባ ጽሑፉን አቆይተው በቀጥታ ወደ ማስታወቂያው የሚሄዱ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው፤ እውነትም አላቸው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የጨዋታ መደብር ከትልልቅ ከተሞች ውጪ ብርቅ ነበር። የገጠር ልጅ ምን እንደተሠራ የሚያውቀውም፣ የሚገዛውም በማስታወቂያው ነው። ኩፖኑን ይቆርጣል፣ የመላኪያውን ሒሳብ ይደምራል፣ ቼክ ወይም የፖስታ ሐዋላ ጨምሮ ይልካል፤ ከዚያ ሳምንታት ይጠብቃል። ካታሎግ ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ የራሱን አድራሻ ጽፎ ቴምብር የለጠፈበትን ባዶ ፖስታ አብሮ መላክ የተለመደ ነበር። ችግሩ መጽሔት ቶሎ ማርጀቱ ነው፤ ከወራት በፊት በታተመ ዋጋ ያዘዘ ሰው ገንዘቡ ሊጎድል፣ ዕቃውም አልቆ ሊጠብቀው ይችላል።

ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ራል ፓርታና ግሬናዲየር የተባሉ ድርጅቶች ያመርቷቸው የነበሩ፣ 25 ሚሊሜትር ግድም የሚሆኑ፣ ከቀለጠ የእርሳስ ብረት ቅይጥ የተሠሩ የገጸ ባሕርያት ትንንሽ ሐውልቶች ነበሩ። ሉ ዞኪ የተባለ ሰው ድርጅት የሆነው ጌምሳይንስ ደግሞ ጠርዙ የሰላ ዳይስ ይሸጥ ነበር። ዞኪ ይከራከር የነበረው እንዲህ ነው፦ ሌሎች አምራቾች ዳይሱን ለማለስለስ በማሽን ስለሚያሹት ጠርዙ እኩል አይበላም፤ እኩል ካልተበላ ደግሞ አወዳደቁ ያዳላል። የእሱ ዳይስ ሳይታሽ ስለሚመጣ ከቅርጽ ማውጫው የተቆረጠበት ትንሽ ጠባሳ ጎኑ ላይ ይታያል። ቁጥሮቹም ቀለም ስለሌላቸው ገዢው ራሱ ክሬዮን ቀብቶ ትርፉን በጨርቅ ይጠርጋል።

በፖስታ የሚካሄዱ ጨዋታዎችም በማስታወቂያው ተጫዋች ይፈልጉ ነበር። በዚህ ሥራ ፈር ቀዳጁ በ1970 የጀመረው፣ ኋላም በአሪዞና የከተመው ፍላይንግ ባፋሎ ነው። ተጫዋቹ ትእዛዙን ጽፎ ለእያንዳንዱ ተራ ከሚከፈለው ገንዘብ ጋር ይልካል፤ ድርጅቱ በኮምፒውተር አስልቶ ውጤቱን አትሞ ይመልሳል። ደብዳቤው ከቀነ ገደቡ ከዘገየ ሠራዊቱ ያለ ትእዛዝ ቆሞ ይመታል።

አሮጌ እትም የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ኩፖኖቹን ይይ። ኩፖን ተቆርጦ ከወጣ ከገጹ ጀርባ ያለው ጽሑፍም አብሮ ሄዷል፤ ሻጩ ግን ሽፋኑን ብቻ አይቶ «ምንም አልጎደለም» ሊል ይችላል። ቀጥሎ መሐል ገጹ ነው። በቁጥር 28 (1979) ውስጥ ለምሳሌ፣ ሙሉ የሰሌዳ ጨዋታ ከነመጫወቻ ቁርጥራጮቹ ተያይዞ ነበር፤ እሱ ከሌለ ዋጋው በብዙ ይወርዳል። የስቴፕለር ሽቦው ከዛገ መሐሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ገጹም ከዚያው ይላቀቃል። ማስቀመጫው የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፖሊስተር ከረጢት ይሁን፤ ፒቪሲ ከጊዜ በኋላ አሲድ ስለሚያወጣና ቀለሙ ላይ ስለሚጣበቅ አይሆንም።

ስካን ሲደረግ ደግሞ ማስታወቂያውን «ትርፍ ገጽ ነው» ብሎ መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው። የትኛው ድርጅት መቼ እንደነበረ፣ ምን በስንት ይሸጥ እንደነበር፣ የትኛው ጨዋታ ተዋውቆ ሳይታተም እንደቀረ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ኅትመት ፊት ለፊት ያሳያል፤ ከገጹ ሥር ጥቁር ወረቀት ማንጠፍ ይህን ያስቀራል። ሥዕሎቹ የተሠሩት በጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ በ150 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ሲደረጉ ነጥቦቹ ከስካነሩ መስመር ጋር ተጋጭተው ማዕበል የመሰለ ጥለት ይፈጥራሉ። በ600 አንስቶ፣ ነጥቡን አለስልሶ፣ ኋላ ወደ 300 ማሳነስ ይሻላል።