ቀስተ ደመና ምንድን ነው? መቼስ ይታያል?

ቀስተ ደመና፣ በተለምዶ የማርያም መቀነት የምንለው፣ የፀሐይ ብርሃን በአየር ላይ ባሉ የውኃ ጠብታዎች ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ለተመልካች የሚታይ ባለ ብዙ ቀለም ቅስት ነው። ሰማይ ላይ የተዘረጋ ወይም ከአንዱ ተራራ ተነሥቶ ሌላው ላይ የሚያርፍ ቁስ አይደለም፤ ሊጠጉት ሲሞክሩ የሚሸሸውም ስለዚህ ነው። ቀስተ ደመና የት ቦታ እንዳለ ከመጠየቅ ይልቅ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚታይ መጠየቅ ነገሩን ቶሎ ያስረዳል።

ነጭ መስሎ የሚታየን የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ነው። ጨረሩ ከአየር ወደ ጠብታው ሲገባ ይሰበራል፤ ሐምራዊው ከቀዩ አብልጦ ስለሚታጠፍ ቀለማቱ እዚያው መለያየት ይጀምራሉ። ከዚያም ከብርሃኑ ከፊሉ ከጠብታው የኋላ ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለስና ሲወጣ ዳግመኛ ይሰበራል። ጨረሮቹ ጠብታውን የሚመቱት በተለያየ ቦታ ስለሆነ የሚወጡትም በተለያየ አቅጣጫ ነው፤ ሆኖም ከሌላው ሁሉ ይልቅ ተጠጋግተው የሚወጡበት አንድ ማዕዘን አለ፤ እርሱም ለቀይ 42፣ ለሐምራዊ ደግሞ 40 ዲግሪ ያህል ሲሆን የሚለካው ፀሐይን ከኋላችን አድርገን ስንቆም የራሳችን ጥላ ከሚያርፍበት አቅጣጫ ተነሥቶ ነው። ይህን ማዕዘን ጨረሮቹን አንድ በአንድ በማስላት እ.ኤ.አ. በ1637 ያሳተመው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነበር፤ የቀለማቱን መለያየት በቅጡ ያስረዳው ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው አይዛክ ኒውተን ነው።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። አንድ ጠብታ ሁሉንም ቀለማት ቢበትንም፣ በአንድ ቅጽበት ወደ አንድ ሰው ዓይን የሚልከው አንዱን ብቻ ነው። ከፍ ብለው ያሉት ጠብታዎች ቀዩን፣ ዝቅ ያሉት ሐምራዊውን ያደርሱናል፤ ቀዩ በቅስቱ ውጫዊ ጠርዝ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ብርሃን የሚደርሳቸው ከተለያዩ ጠብታዎች ስለሆነ፣ በጥብቅ አነጋገር እያንዳንዳቸው የሚያዩት የየራሳቸውን ቀስተ ደመና ነው።

መቼ እንደሚታይም የሚወስነው ያው 42 ዲግሪ ነው። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከዚህ ልክ ከፍ ካለች ቅስቱ በሙሉ ከአድማስ በታች ስለሚወድቅ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አይታይም። በነሐሴ ወር በአዲስ አበባ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አለፍ ብሎ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ከዚህ ከፍታ በላይ ትሆናለች፤ ስለዚህ በእኩለ ቀን የቱንም ያህል ፀሐይና ዝናብ ቢቀላቀል፣ ልጆችም «ጅብ ወለደች» ቢሉ፣ ሰማይ ላይ ቀስተ ደመና መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን በምዕራብ ደመናው ተከፍቶ በምሥራቅ ዝናቡ ካላባራ፣ መሀል ከተማ ያለ ሰው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ወደ ሲኤምሲና አያት አቅጣጫ ቢመለከት ሊያገኘው ይችላል። ጠዋት ከሆነ ደግሞ የሚታየው በምዕራብ በኩል ነው። ፀሐይ ወደ አድማስ በቀረበች መጠን ቅስቱ ከፍ ይላል፤ ልትጠልቅ ስትል ግማሽ ክብ ይሞላል። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ግን ዝናቡ ቢበረታም ምንም አይታይም።

አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ቅስት በላይ፣ 51 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ቅስት ይታያል። ይህኛው በጠብታው ውስጥ ሁለት ጊዜ ከነጠረ ብርሃን ስለሚመጣ የቀለማቱ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው፤ በሁለቱ ቅስቶች መካከል ያለው ሰማይም ከሌላው ጠቆር ይላል፤ ይህ ጥቁረት ከቀለማቱ ባልተናነሰ ሊታይ የሚገባው ነው። በጨረቃ ብርሃንም ቀስተ ደመና ይፈጠራል፤ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ግን ለዓይን ነጣ ብሎ ነው የሚታየው።

የአድማሱ ገደብ የሚሠራው ቀና ብለን ለምናይ ብቻ ነው። ከገደል አፋፍ ሆነን ወደ ታች ስንመለከት ከአድማስ በታች ያሉ ጠብታዎችም ብርሃን ይልኩልናል፤ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝናብ ሳይኖር ከሚነሣው የውኃ ጢስ ላይ ቀስተ ደመና የሚታየው በዚሁ መንገድ ነው። ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል ለሚያይ ደግሞ፣ ሁኔታው ከተመቸ፣ ሙሉ ክብ ሆኖ ሊታይ ይችላል።